ቀዩ ጭቃ የሚመጣበት ቦታ

በእኛ ሕንፃ ደረጃ የምትወለውለውን ሴት በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ሁላችንም «እትዬ ቀስበሉ» ነው የምንላት። ስሙን ያወጡላት የአራተኛ ፎቅ ልጆች ናቸው። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት እየተንደረደሩ ሲወርዱ መወልወያዋን ደገፍ ትልና «ቀስ በሉ፣ እርጥብ ነው» ትላቸዋለች። ከሰዓት ሲመለሱም «ቀስ በሉ»። ማንም በሌለበት፣ ከአንዱ ማረፊያ ወደሚቀጥለው ስትዞር ደግሞ «ቀስ በይ እንግዲህ፣ ማን ያባርርሻል» እያለች ለራሷ ስትናገር ከበሬ ኋላ ሆኜ ሰምቻታለሁ። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። እኔ ጋ ስትደርስ ሥራው ወደ ማለቁ ስለሆነ ቆም ብላ ታወራለች፤ እኔም ወሬ አልጠላም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ሕንፃው አሥር ፎቅ ነው፤ ከፎቅ ፎቅ አሥራ ስምንት ደረጃ። እኛ የምንኖርበት ሰዎች ቁጥሩን አናውቀውም፣ እሷ ግን እንደ ልጇ ዕድሜ ታውቀዋለች። የትኛው ደረጃ ጫፉ እንደተሸረፈ፣ የትኛው ላይ ውሃ እንደሚያቁር፣ የስምንተኛ ፎቁ ሰውዬ ሲጋራውን የትኛው ላይ እንደሚደፈጥጥ፣ ሁሉን ታውቃለች። አሠራሯ ደግሞ አንድ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከዘበኛው ቤት ጀርባ ካለችው ጠባብ ክፍል ባልዲዋን ሞልታ፣ መጥረጊያና መወልወያዋን ይዛ፣ በአሳንሰር አሥረኛ ፎቅ ትወጣለች። ከዚያ ቁልቁል ነው። ፊቷን ወደ ላይ፣ ጀርባዋን ወደ ታች አድርጋ፣ አንድ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ እየወረደች ትወለውላለች። ለምን ከታች እንደማትጀምር አንዴ ብጠይቃት «ቆሻሻ ወደ ላይ ሲወድቅ የት ታይቶ ያውቃል?» አለችኝ።

መብራት ሲጠፋስ? መብራት ሲጠፋ አሳንሰሩ ይቆማል፤ ውሃውም በፓምፕ የሚገፋ ስለሆነ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ሥራ የለም። ዘበኛው ቤት በር ላይ ቁጭ ብላ እስኪመጣ ትጠብቃለች። እንግዲህ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እትዬ ቀስበሉ ያንን ደረጃ ስትወጣ ያየ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የማነሳው፣ በኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚህ ስለተነሳ ነው።

ፏፏቴውን የተዋወቀችው በጭቃው በኩል ነው። በየዓመቱ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ሰብስቦ ፏፏቴ ያሳያቸዋል። ከከተማው በአውቶቡስ የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ልጆቹ አመሻሽ ላይ ይመለሱና ጫማቸው ላይ የተሸከሙትን ቀይ ጭቃ ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ ያትሙታል። የኛ ሰፈር አፈር ግራጫ ነው፤ ቀይ ጭቃ የሚባል አናውቅም። ያ ጭቃ ደግሞ እንደ ሌላው አይደለም። ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ ውሃ ሲነካው እንደ ቀለም ይሰፋል።

«ሦስት ቀን ይፈጅብኛል» ትላለች። «አንደኛውን ቀን አሰፋዋለሁ፣ ሁለተኛውን ቀን አደበዝዘዋለሁ፣ ሦስተኛውን ቀን ስረግመው ይለቃል።»

ካቻምና ከአራተኛ ፎቅ ልጆች ታናሽየዋን ያዘቻት።

«ነይ እስቲ አንቺ። ይሄን ጭቃ ከየት ነው የምታመጡልኝ?»

«ከፏፏቴው ነዋ፣ እትዬ። ከታች፣ ከእግሩ ሥር።»

«ምን ልትሠሩ ወረዳችሁ? ከላይ አይታይም?»

«ከላይማ ይታያል። ከታች ግን ሳይነካ ነው የሚያረጥበው።»

«ሳይነካ?»

«ውሃው ማዶ ነው የሚወርደው፤ ሰው ወዲህ ነው የሚቆመው። ግን ፊት ይረጥባል፣ ሹራብም ይረጥባል። መጥረግ ዋጋ የለውም፣ ወዲያው ይመለሳል።»

ይቺ ነገር ገባችባት። ለእሷ ውሃ ማለት የሚቀዳ፣ የሚጨመቅ፣ የሚደርቅ፣ ሰው እንዳያንሸራትት የሚጠበቅ ነገር ነው። መጥረግ ዋጋ የማይሰጥበት ውሃ አለ ሲሏት ሳቀች፤ ከዚያ ግን አልተዋትም። ከጊዜ ወደ ጊዜ እኔ በር ላይ ቆም ትልና «ያ ጭቃ የሚመጣበትን ቦታ አንድ ቀን ሄጄ ባየው» ትላለች። ሰው እንዲሁ የሚለው ነገር ነው ብዬ አልፈው ነበር።

ዘንድሮ ግን ግራ ጉልበቷ ከዳት። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ፣ ቀጥሎ ቀኑን ሙሉ፣ ኋላ ላይ ተኝታም ያማት ጀመር። ሐኪሙ ፎቶ አነሳና በጉልበቷ ውስጥ ያለው ስስ ትራስ እንዳለቀ፣ አጥንት ከአጥንት ጋር እየተፋጨ እንደሆነ ነገራት። ለመጪው ወር የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ሰጣት። «ከዚያ በኋላ ሜዳ ላይ እንደ ልብሽ ትሄጂያለሽ» አላት፤ «ደረጃን ግን እንርሳው።» የሕንፃው ቢሮም በር ላይ ቁጭ ብላ ደብዳቤ የምትቀበልበት ሥራ ሊሰጣት ተስማማ።

እኔ እንኳን አረፍሽ ልላት አፌን ስከፍት «እንግዲህ ወይ በዚህ ወር አየሁት፣ ወይ ቀረ» አለችኝ።

ስድስተኛ ፎቅ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ይኖራሉ። ሐሳቧን ሲሰሙ ቤታቸው ገብተው ብዙ ከፈለጉ በኋላ፣ መታጠፊያው የሳሳ የፏፏቴውን ካርታ አመጡላትና ማረፊያው ላይ ቆመው ዘረጉላት። እሷ በአንድ እጇ መወልወያውን ይዛ ጎንበስ አለች። ሦስት የእግር መንገድ አለ። ቢጫው ጠፍጣፋ ነው፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ተሂዶ ከማዶ ያለ መመልከቻ ላይ ያደርሳል። አረንጓዴው በጫካው ውስጥ ሲዞር ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ቀዩ ድንጋይ ላይ የተጠረበ ደረጃ ነው፤ ቀጥታ ወደ ፏፏቴው እግር ይወርዳል።

«ከማዶ ሲታይ ምን ይመስላል፣ ጋሼ?»

«እንደ ነጭ ክር» አሉ መምህሩ፣ እጃቸውን ቀጥ አድርገው እያወረዱ።

«ክር ለማየት ነው እንዴ አውቶቡስ የምሳፈረው? ክርማ ቤቴም አለ። ቀዩ ስንት ደረጃ ነው?»

መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። «አራት መቶ ሠላሳ ሁለት ይላል።»

«ሃያ አራት ፎቅ» አለች ወዲያው።

መምህሩ ጣታቸውን እየቆጠሩ ደረሱበት። ትክክል ነው።

«ይሄን ሕንፃ ሁለቴ፣ ከዚያ አራት ፎቅ መጨመር። ባልዲ ሳልይዝ ደግሞ። ይሄማ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው።»

እሳቸውም ዕድሜ ልካቸውን ተራራና ሸለቆ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው፣ ሒሳቡ ስለገጠመላቸው ደስ ብሏቸው ካርታውን አጥፈው ሰጧት። ሌላ ያሉት ነገር የለም።

እትዬ ቀስበሉ ከልጇ ጋር ነው የምትኖረው፤ ከኛ ሕንፃ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ሁለት ክፍል ቤት አላቸው። ልጅቷ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል፣ ማታ እናትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው አንድ ሰፊ ሳፋ ውስጥ አራት እግር ይነክራሉ። የጉዞው ዕቅድ የወጣው እዚያ ሳፋ ላይ ነው። ልጅቷ ከመድኃኒት ቤቱ ያመጣችውን የወረቀት ከረጢት ገልብጣ መጻፍ ጀመረች።

«እማዬ፣ ቢጫውን እንያዝ።»

«ቢጫው የሽማግሌ ነው።»

«አንቺስ?»

«ጉልበቴ ነው ያረጀው፤ እኔ አላረጀሁም።»

«ደረጃ እኮ ነው። ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ነው ያለኝ። አሁን በየቀኑ እየወረድኩ አይደል? ሻይ ሳልቀምስ መቶ ሰማንያ እወርዳለሁ። ያውም እየወለወልኩ።»

«ቢያምሽስ?»

«ያመኛል። ቤትም ቁጭ ብል ያመኛል። የሚያመኝ ካልቀረ ምን አለ እያየሁ ቢያመኝ?»

ልጅቷ እስክሪብቶውን ጆሮዋ ላይ ሰክታ እናቷን አየቻት። «አሸንፈሽኝ አይደለም እሺ የምልሽ፣ ደክሞኝ ነው።»

«እኔስ በምን አሸንፌ አውቃለሁ? ሰው እስኪደክመው ነው የምጠብቀው።»

ጻፈች። እሑድ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል መነሳት። ሦስት ሰዓት መድረስ። ሦስት ተኩል መውረድ መጀመር፣ ቀስ እያሉ። አምስት ሰዓት ታች መድረስ። እስከ ሰባት ሰዓት ታች መቀመጥ፤ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሻይ በፔርሙዝ። ስምንት ሰዓት የመመለሻው አውቶቡስ። ከሥሩ ትርፍ ካልሲ፣ የጉልበት ማሰሪያ፣ የሚያስታግስ ክኒን ብላ ጨመረች። ማክሰኞ ዕለት ምሳ ሰዓቷን ሠውታ ትኬቱን ደርሶ መልስ ቆረጠች። እናትየው ከረጢቱን በአራት አጥፋ ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ለኔም አሳየችኝ። እኔም አንብቤ «እንዴት ያምራል» አልኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ ሳትጀምር ለዘበኛው አነበበችለት። ዘበኛውን «ጄኔራል» ነው የምንለው። ወታደር ሆኖ አያውቅም፤ ከሱ በፊት የነበረው ዘበኛ ጥሎት የሄደው ትልልቅ ቁልፍ ያለው ካፖርት ነው ማዕረጉን የሰጠው። እትዬ ቀስበሉን ካልነካካ ቀኑ አይመሽለትም።

«ቆይ፣ እንደገና አንብቢልኝ» አላት ሻዩን እያማሰለ። «እስከ ሰባት ሰዓት ታች ነሽ።»

«ነኝ።»

«ስምንት ሰዓት አውቶቡስ ውስጥ ነሽ።»

«ነኝ አልኩህ።»

«አውቶቡሱ ታች ድረስ ይገባል?»

«ምን ነካህ አንተ፣ ላይ ነው እንጂ የሚቆመው።»

«እንዲያ ነው? እንግዲያው ፏፏቴው አሳንሰር አለው በይኛ።»

መጀመሪያ ሳቀች። ጄኔራልም ሳቀ። ከዚያ የእሷ ሳቅ ቆመ፤ ፊቷ ላይ ቅርጹ ብቻ ቀረ። ወረቀቱን እንደገና አየችው፤ ከሰባት እስከ ስምንት ያለውን ቦታ በጣቷ ነካችው። ምንም አልተጻፈበትም።

«ውይ» አለች ቀስ ብላ።

«እኔ እኮ ቀልዴን ነው» አለ ጄኔራል፣ ማማሰሉን ትቶ።

«ቀልድህ ልክ ነው። ሃያ አራት ፎቅ ሽቅብ አለብኝ።»

«እንግዲህ ወጣቶቹም…»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ከወረደ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም፣ ጄኔራል። ለመውጣትማ የአሳንሰር ቁልፍ ነው የምጫነው።»

ያን ቀን ባልዲዋን ሞልታ ሥራዋን ጀመረች። እኔ በር ላይም ሳትቆም አለፈች።

በማግሥቱ ዓርብ፣ ሥራዋን ጨርሳ ባልዲዋን ደፍታ፣ ጋውኗን ሳታወልቅ ምድር ቤት የመጀመሪያው ደረጃ ፊት ቆመች። ጄኔራል ካፖርቱን አስተካክሎ ከበሩ ብቅ አለ። እሷም ሰዓቱን ጠየቀችው። ዘጠኝ ሰዓት ነው አላት። መውጣት ጀመረች።

በኋላ ስትነግረኝ፣ ዓይኗ የሚያየው ያንኑ ደረጃ ነው፤ እግሯ ግን ሌላ አገር የገባ መሰላት። ሲወርዱ ሰውነት ራሱ ይሄዳል፣ ጉልበት የሚያግደው ብቻ ነው። ሲወጡ ግን እያንዳንዱን ኪሎ ራስ ያነሳዋል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ መደገፊያው ብረት ስትይዘው ተነቃነቀባት። «ይሄን ብረት በየቀኑ እወለውለዋለሁ» አለችኝ፤ «ተደግፌው ግን አላውቅም ነበር። ልቅ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።»

ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ ትንፋሿን ሰምቼ በሬን ከፈትኩ።

«ምነው እትዬ፣ ምን ረሳሽ?»

«ምንም። እየተለማመድኩ ነው።»

«ግቢና ትንሽ አረፍ በይ።»

«ከተቀመጥኩ አልነሳም። አታነጋግሩኝ፣ ወሬውም ጉልበት ይፈልጋል።»

ወሬ ጉልበት ይፈልጋል ስትል ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። በሬን ገርበብ አድርጌ ኮቴዋን አዳመጥኩ። አንድ እግር፣ ሁለተኛው አጠገቡ፤ አንድ እግር፣ ሁለተኛው አጠገቡ። በየአራቱ ደረጃ ትቆማለች። አራተኛ ፎቅ ላይ ልጆቹ ሊወርዱ በሩን በርግደው ሲወጡ አገኟት። አንደኛው ለሌላው «እትዬ እየወጣች ነው» ሲለው ሰማሁ፤ ውሃ ሽቅብ ሲፈስ ያየ ልጅ ድምፅ ነው። ታናሽየዋ ግን ግድግዳውን ታክካ መንገድ ለቀቀችላትና «ቀስ በይ፣ እትዬ» አለቻት። ማሾፏ አልነበረም።

ስድስተኛ ፎቅ ላይ ጉልበቷ እንቢ አለ። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። መምህሩ የሆነ ነገር ሲንኳኳ ሰምተው ወጡ፤ ያንኳኳው የእሷ ክርን ነው፣ በራቸውን ተደግፋ ስትቀመጥ። ሮጠው ወንበር አመጡ፤ እሷን ማንሳት ግን አልቻሉም፣ እሳቸውም ያው ሽማግሌ ናቸው። ስለዚህ ወንበሩ ላይ እሳቸው ተቀመጡ፣ እሷ ደረጃው ላይ ቀረች።

«ስንት ሰዓት ነው፣ ጋሼ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ።»

«አርባ ደቂቃ ለስድስት ፎቅ። እኔ የሚያስፈልገኝ ሃያ አራት ነው።»

መምህሩ ያን ጊዜ ነው የገባቸው። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጫኑ። «እኔም እኮ ካርታውን ይዤ ቆሜ አላሰብኩትም።»

«ተዉት፣ ማንም አላሰበውም።»

«ቢጫው መንገድ ምን አለው? ከማዶም ያምራል።»

«ክር ነው ብለውኛል።»

ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ እያለች ታሸዋለች። ትንሽ ቆይታ «ለመሆኑ ታች ሲቆሙ እንዴት ነው?» አለቻቸው።

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «እውነቱን ልንገርሽ? እኔ ወርጄ አላውቅም። ሃያ ስንት ዓመት ተማሪ ይዤ ሄጃለሁ፤ ሁልጊዜ ላይ ነው የምቆመው። ልጅ እንዳይጎድልብኝ ጭንቅላት ስቆጥር።»

«ሲወጡስ እንዴት ሆነው ነው የሚወጡት?»

«ግማሾቹ እያለቀሱ። በየማረፊያው እየተቀመጡ። ወፍራም የነበረ አንድ ልጅ አስታውሳለሁ፣ ሦስት ሰዓት ፈጅቶበታል። እኔ ከላይ ሆኜ እጮሃለሁ፤ ቶሎ በሉ፣ አውቶቡሱ ሊሄድ ነው እያልኩ።»

«ሄዶ ያውቃል?»

«አውቶቡሱ? የት ይሄዳል፣ የትምህርት ቤቱ እኮ ነው። ይጠብቃል።»

«ልጁስ ወጣ?»

«ወጣ። ፊቱ በርበሬ መስሎ ወጣ።»

እትዬ ቀስበሉ ራሷን ነቀነቀች። ደረጃውን ቁልቁል አየች። ከዚያ እጇን ለመምህሩ ዘረጋች፤ ሁለቱም እየተንገዳገዱ ተነሱ፤ አሳንሰሩን ጠርተውላት ወረደች።

ማታ ሳፋው ላይ ለልጇ ነገረቻት።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትሳቂብኝ ግን።»

ልጅቷ አልሳቀችም። ከረጢቱን ተቀብላ የራሷን ጽሕፈት አየችው። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች። «ቀን ሙሉ ለሰው በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ፣ በስምንት ሰዓት ልዩነት እያልኩ እውላለሁ። እናቴን ግን ታች አስቀምጬ ረሳኋት።»

«እኔም ራሴን ረስቼዋለሁ።»

«በቃ ቢጫው ነው እንግዲህ?»

እናትየው ዝም አለች። ልጅቷ ያ ዝምታ ምን እንደሆነ ታውቀዋለች፤ ሰው እስኪደክመው የሚጠብቀው ዝምታ ነው። እስክሪብቶዋን አነሳች። ስድስት ፎቅ አርባ ደቂቃ ከሆነ ሃያ አራቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ። ይህ ጉልበቷ እንደ መጀመሪያው ሆኖ ከቀጠለ ነው፤ አይቀጥልም። እጥፍ አደረገችው። አምስት ሰዓት ከሃያ።

«አምስት ሰዓት ላይ ታች ብንደርስ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ ተቀምጠን ብንነሳ፣ ላይ የምንደርሰው አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። የመጨረሻው አውቶቡስ አሥራ አንድ ተኩል ነው። ለጥቂት ነው፣ እማዬ።»

«ግማሽ ሰዓት ለመቀመጥ አልሄድም።»

«እንዲያውም አይደርስማ። እሺ ሌላው ይቅር። አሥራ አምስተኛው ፎቅ ላይ እምቢ ቢልሽስ? ማን ይሸከምሻል? እኔ አልችልሽም።»

«ማንም አይሸከመኝም። ቁጭ እላለሁ። ሲለቀኝ እነሳለሁ።»

«ባይለቅሽስ?»

እናትየው እግሯን ከሳፋው አውጥታ ፎጣው ላይ አሳረፈችው። ጉልበቷ ከዕለቱ መውጣት የተነሳ እንደ ዳቦ አብጧል። ሁለቱም አዩት።

«እሱን አላውቅም» አለች። «እስከ ዛሬ ለቆኝ ያውቃል። ነገን አላውቅም። ግን ልጄ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይደክመኝ ገብቼ አላውቅም። ሰው በረገጠው ነው የሚደክመኝ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ወንበር ላይ ያስቀምጡኛል፤ እዚያም ይደክመኛል መቼም። አንድ ቀን በራሴ ጉዳይ ልድከም።»

ልጅቷ ያበጠውን ጉልበት በጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። ውሃው ቀዘቀዘ። የጎረቤት ራዲዮ የአየር ሁኔታ ሲያወራ ይሰማል።

«ሰኞ ሥራ አትገቢም» አለች በመጨረሻ።

«ሰኞማ…»

«አትገቢም። እኔም አልገባም፣ አስፈቅዳለሁ። ጉልበትሽን ጠዋት እኔ ነኝ የማስረው። ክኒኑን ሕመሙ ሳይጀምርሽ በፊት ትወስጃለሽ፤ ከጀመረሽ በኋላ ዋጋ የለውም። ማረፊያ ላይ ሁሉ እንቀመጣለን፤ ባይደክምሽም እንቀመጣለን።»

«ሰኞን ማን ይወለውላል?»

«ጄኔራል።»

«እሱ ከታች ነው የሚጀምረው፤ አውቀዋለሁ። ጭቃውን ሽቅብ ነው የሚስበው።»

«ይጀምራ።»

ይቺ ከጉልበቷ ይልቅ ያመመቻት ትመስላለች። ትንሽ አሰበችና «ይጀምር እንግዲህ» አለች፣ እንደ ተሸነፈ ሰው።

ቅዳሜ ከሰዓት እናትና ልጅ አውቶቡስ ጣቢያ ሄዱ። ሰልፉ ረጅም ስለነበረ እናትየው ግድግዳው ጥግ ያለው አግዳሚ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ልጅቷ ተራዋ ደርሶ ትኬቶቹን በመስኮቱ አስገባች።

«መመለሻውን ልቀይር ነበር» አለቻት ለትኬት ቆራጯ።

«የስምንት ሰዓቱን? ወደ አሥራ አንድ ተኩሉ ላድርገው?»

ልጅቷ ዞር ብላ እናቷን አየች። እናትየው ዓይኗን ጨፍናለች፤ እጇ ጉልበቷ ላይ ነው።

«አይ፣ ሰርዢው።»

«መመለሻ አያስፈልጋችሁም?»

«ያስፈልገናል። ሰዓቱን ነው የማናውቀው።»

ትኬት ቆራጯ ቀና አለች። እንዲህ የሚል ሰው ብዙ አይገጥማትም መሰለኝ። «የኔ እህት፣ የመጨረሻው ካመለጣችሁ እስከ ጠዋት የለም።»

«እዚያ ማደሪያ አለ?»

«ከጣቢያው ጎን አልጋ የሚያከራዩ አሉ። ደህና ነው ይላሉ። ፎቅ አይደለም፣ ምድር ነው።»

«እንግዲያው ደግ ነው። የመሄጃውን ብቻ ስጭኝ።»

መመለሻዎቹን ቀድዳ ጣለቻቸውና ሁለቱን መሄጃ በመስኮቱ መለሰችላት። ከኋላ የተሰለፈው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጅቷ ትኬቶቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ አግዳሚው ሄደች።

«ተቀየረ?» አለች እናትየው ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ተሰረዘ። ከወጣን በኋላ እንቆርጣለን፤ ማታም ይሁን፣ በማግሥቱም ይሁን።»

«ደግ አደረግሽ። ትንሽ ልቀመጥና እንሄዳለን።»

ልጅቷ ጫማዋን በከፊል አወለቀችና አጠገቧ ተቀመጠች።